ልጄን 3 ቀን ሰስፔንድ አደረጉብኝ፣ ምን ላድርግ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ፐብሊክ ስኩል። ሐሙስ ካፌቴሪያ ውስጥ ከአንድ ነጭ ልጅ ጋር ተገፋፉ፣ የኔው 3 ቀን ታገደ ያኛው በምክር ታለፈ። ከሁሉ ያንገበገበኝ አስተርጓሚ የለንም ብለው ልጄን ራሱን አስተርጉምላት አሉት፣ የገዛ ክሱን አንገቱን ደፍቶ ለእናቱ ሲተረጉም እያየሁ አፌ ተሳሰረ፣ ወረቀት ሰጡኝ ፈርሜ ወጣሁ። ማታ ሲነግረኝ ለካ ልጁ ጸጉርህ ሽቦ ነው እያለ ሲሰድበው ነው የከረመው፣ ማንም የጠየቀው የለም። ባለቤቴ ደግሞ ተይው ጥርስ ይነክሱበታል ይላል።

ወንድምሽ ከኦሃዮ፦
አይዞሽ እህቴ። እዚህ ኮለምበስ የተጀመረ ጎስ እና ሎፔዝ የሚባል ክስ አለ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 1975 የወሰነው። ፐብሊክ ስኩል ልጅን ለ10 ቀንም ሆነ ከዚያ በታች ሲያግድ ጥፋቱን መንገር፣ አላጠፋሁም ካለ ማስረጃውን ማስረዳትና የሱን ቃል መስማት አለበት። የሚገርምሽ ከሳሹ ተማሪ ሎፔዝም የታገደው በካፌቴሪያ ረብሻ ነው፣ እኔ የለሁበትም እያለ። ልጅሽን ሰምተውታል ወይ? እሱን ያዢ።

ታዛቢው፦
ባልሽ ልክ ነው። ሰው አገር ነን፣ ልጁን ጸብ አትግባ በይውና ይለፍ።

እማማ ባስ፦
ታዛቢው ይቅርታ ግን ስንቱን እናሳልፍ? የአሜሪካ መንግስት ኦዲት መስሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ሪፖርት ጥቁር ልጆች ከፐብሊክ ስኩል ተማሪው 15.5 በመቶ ሆነው ከታገዱት ግን 39 በመቶ ነበሩ። እኔ የስኩል ባስ ሹፌር ነኝ፣ በአይኔ የማየው ነው። እህቴ፣ በቃል አትከራከሪ፣ በኢሜይል ጻፊ። የልጄን ሪከርድ ልይ በይ፣ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት ግዴታቸው ነው። አስተርጓሚም በነጻ ማቅረብ አለባቸው፣ ልጅን ማስተርጎም ነውር ነው። ስድቡንም መቼ፣ የት፣ ማን ሰማ ብለሽ አስፍሪው። እምቢ ካሉ ለፌዴራሉ የትምህርት ሲቪል መብት ቢሮ ማመልከት ትችያለሽ፣ 180 ቀን እንዳያልፍብሽ። መልሱን ግን ቶሎ አትጠብቂ፣ በ2025 ከ12 ቅርንጫፎቹ 7ቱን ዘግተዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኢሜይሉን የእህቴ ልጅ ጻፈችልኝ ላክሁ፣ ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኑ በስልክ አስተርጓሚ እናገናኛለን አሉ። በዚህ አካባቢ አብሮኝ የሚገባ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ባለቤቴ ስራ ነው።