ፓትሮንን «ባለውለታ» ብለው ያስኬዳል? የጆንሰን አንድ ስንኝ

አንባቢዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ስንኝ ላይ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ፤ እርዱኝ።

ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1749 የሰው ምኞት ከንቱ መሆኑን የሚናገር ረጅም ግጥም አሳተመ። እዚያ ውስጥ የተማረ ሰው የሚያገኘውን አምስት መከራ ይቆጥራል። ድካም፣ ምቀኝነት፣ ማጣት፣ ቆጥ፣ ወኅኒ። «ቆጥ» ያልኩት ጣሪያ ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው፤ ድኻ ጸሐፊ የሚከራያትን። በ1755 ግጥሙ እንደገና ሲታተም ግን ቆጧን አወጣና በቦታዋ «ፓትሮን» አስገባ። ገጣሚን በገንዘቡና በስሙ የሚደግፍ ባለጸጋ መሆኑ ነው።

እኔ «ባለውለታ» አልኩት። «ድካም፣ ምቀኝነት፣ ማጣት፣ ባለውለታ፣ ወኅኒ።» ለእህቴ ባነብላት «ባለውለታ ከወኅኒ ጋር ምን አገናኘው? ጥሩ ሰው አይደል እንዴ?» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ወይስ ባለውለታው ገጣሚው ነው?» አለች። አሁን እኔም አላውቅም። ባለውለታ ውለታ የዋለው ነው ወይስ የተዋለለት?

የፒያሳ ልጅ፦
«ስፖንሰር» በይውና ተገላገይ። መጽሐፍ የሚያስመርቅ ሁሉ የሚፈልገው ስፖንሰር ነው። ለማን ይጠፋዋል?

ፊደል ቆጣሪ፦
ስፖንሰር ላይ ቶሎ አትሳቁ። መጽሐፉ ለማን እንደተበረከተ የሚነገርበት የመታሰቢያ ገጽ እኮ የዚያን ዘመን ባነር ነበር። ሼክስፒር በ1593 የመጀመሪያ የታተመ ግጥሙን ለሳውዝሃምፕተኑ ኧርል ለሄንሪ ሪዝሊ ነው ያበረከተው። ቃሉ ፈራ ተባ ያለ ነው፤ ጌታውን አስቀይም ይሆን እያለ ይጨነቃል። በዓመቱ በ1594 ሁለተኛውን ለዚያው ሰው ሲያበረክት ግን ድምፁ ሌላ ነው። ለእርስዎ ያለኝ ፍቅር መጨረሻ የለውም፣ የሠራሁትም የእርስዎ ነው፣ ገና የምሠራውም የእርስዎ ነው ይላል። በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ የተቀራረቡበትን ነገር ለማወቅ ብዙ ሰው ዕድሜውን ፈጅቷል። ኤድመንድ ስፔንሰር ደግሞ በ1590 ትልቁን ሥራውን ለንግሥት ኤልሳቤጥ ካበረከተ በኋላ አሥራ ሰባት ሶኔት፣ ማለት ባለ አሥራ አራት ስንኝ ግጥም፣ ለመኳንንቱ ጨመረ። አንድ ደጅ ብቻ አያስተማምንም ነበር። ንግሥቲቱ በ1591 በዓመት 50 ፓውንድ ቆረጠችለት።

አንባቢዋ፦
ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን ስፖንሰር ውል አለው። ይህን ያህል ከፍለህ ይህን ያህል ስምህ ይነሣል። የጆንሰን ሕመም ውል ያለመኖሩ ይመስለኛል። ጌታው ሊሰጥም ላይሰጥም ይችላል።

መሪጌታ፦
ጥያቄው ባለውለታ ነው፤ እንመለስ። ውለታ ሥሩ ዋለ ነው። መልካም ዋለለት እንላለን። ልጅ ሲወለድ ዋለልኝ ብለን ስም የምናወጣው ከዚሁ ነው። «ባለ» ባለቤትነት ነው። ባለውለታ ማለት ውለታው የእሱ የሆነ፣ ውለታውን የዋለው ማለት ነው። እኔ ቅኔ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በዚህ ቃል ላይ ጥርጥር ሰምቼ አላውቅም።

ፊደል ቆጣሪ፦
መሪጌታ፣ በትሕትና ልጠይቅዎ። ባለገንዘብ ገንዘብ ያለው ነው። ባለዕዳ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ነው እንጂ የሚቀበለው አይደለም። ሁለቱም «ባለ» ናቸው። ባለውለታ እንደ ባለገንዘብ ነው ወይስ እንደ ባለዕዳ? እኔ ባደግሁበት ሰፈር «የእገሌ ባለውለታ ነኝ» ሲባል «ውለታ አለብኝ» ማለት ነው። «ባለውለታዬ ነው» ሲባል ደግሞ ውለታ የዋለልኝ እሱ ነው።

መሪጌታ፦
ውለታ ያለበት «ውለታ አለበት» ይባላል። ሕዝብ ቢያደባልቀው ቃሉ አይደባለቅም።

አንባቢዋ፦
እህቴን ያደናገራት ይኸው ነው። ሁለቱም አቅጣጫ አለው።

ሰምና ወርቅ፦
ሥሩ ዋለ ነው ብላችሁ አትዝጉት። እኔ ሁልጊዜ ከግእዙ ወለጠ ጋር አያይዘዋለሁ። ወለጠ፣ ለወጠ፣ ውላጤ። ውለታ ልውውጥ ነው። ገጣሚው ቃል ይሰጣል፣ ጌታው ብር ይሰጣል። ለዚያ ነው ወደ ሁለቱም የሚሄደው። እስቲ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አምጡ።

መሪጌታ፦
ልጄ፣ ጠና ተ በሜዳ አይቀያየሩም። የውለታ «ታ» መድረሻ ናት፤ ዝምታና እርጋታ ላይ እንዳለችው። ሐሳቡ ያምራል። ሥር ግን በማማር አይወጣም።

ዋልያ በለንደን፦
ዘግይቼ ገባሁ። የምኖረው ለንደን ስለሆነ ጆንሰን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን የሠራበትን ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ። ፍሊት ስትሪት ጀርባ፣ ጎፍ ስኩዌር ቁጥር 17። ዛሬ ሙዚየም ነው። ደረጃውን እየወጣችሁ ትሄዱና መጨረሻ ላይ ጣሪያው ሥር ትገባላችሁ። ስድስት ጸሐፊዎች ቀጥሮ ነበር፤ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ናቸው። ሥራው የተሠራው እዚያው ጣሪያ ሥር ነው። እናም አንባቢዋ፣ ከስንኙ ያወጣት ቆጥ እንዲህ ያለችው ናት። እዚያ የቆመ ሰው መከራው ክፍሏ እንዳልነበረች ይገባዋል። ክፍሏ ሥራ ያሠራችው ናት።

መከራው ሎርድ ቼስተርፊልድ ነበር። ጆንሰን በ1747 የመዝገበ ቃላቱን ዕቅድ ለእሱ አበረከተ። ከሰውየው ያገኘው 10 ፓውንድ ነው። ከዚያ ዝም። ሥራው ሊታተም ሲል፣ በ1754 መጨረሻ፣ ቼስተርፊልድ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ መዝገበ ቃላቱን የሚያወድሱ ሁለት ጽሑፎች አወጣ። ጆንሰን የካቲት 7 ቀን 1755 በእነሱ አቆጣጠር ደብዳቤ ጻፈለት። አንዱን ዐረፍተ ነገር እኔ እንዲህ መልሼዋለሁ፦

«ጌታዬ፣ በውጭኛው ክፍልዎ ደጅ ከጠናሁ፣ ወይም ከደጅዎ ከተመለስኩ፣ እነሆ ሰባት ዓመት አለፈ።»

ቀጥሎም ይጠይቀዋል። ፓትሮን ማለት ሰው ውኃ ውስጥ ለነፍሱ ሲታገል ግድ ሳይሰጠው የሚያይ፣ የብስ ከረገጠ በኋላ ግን በእርዳታ የሚያስቸግረው አይደለምን? ይለዋል።

መዝገበ ቃላቱ በሚያዝያ ወጣ። ፓትሮን የሚለው ቃል ሥር የጻፈውን ታውቁታላችሁ። ብዙውን ጊዜ በትዕቢት የሚደግፍ፣ በውዳሴ ከንቱ የሚከፈለው ምናምንቴ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ምናምንቴ! የዔሊ ልጆች ምናምንቴዎች ነበሩ ከሚለው ነው የወሰድከው? ከዚህ የተሻለ አይገኝለትም። ውዳሴ ከንቱም ግሩም ነው። የግጥሙ ርእስ ራሱ ከንቱነትን የሚናገር ስለሆነ ቃሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አንባቢዋ፦
ዋልያ፣ እጅህ ይባረክ። «ደጅ ከጠናሁ» ያልከው ልቤን ነካው። እንግዲያው ስንኙ ላይም ልጠቀምበት? «ድካም፣ ምቀኝነት፣ ማጣት፣ ደጅ ጥናት፣ ወኅኒ።»

የፒያሳ ልጅ፦
አሁን ገባኝ። ይሄን ማንም ቢሮ የተመላለሰ ሰው ይረዳዋል።

ሰምና ወርቅ፦
ደጅ ጥናት ከተነሣ ዝም አልልም። ጥናው ምንድን ነው? ካህኑ የሚያጥንበት ጽና አለ አይደል፤ ሕዝቡ ጥና የሚለው። ዕጣኑ ይጨሳል፣ መዓዛው ወደ ላይ ይወጣል። ገጣሚ ጌታው ደጅ ቆሞ የሚያደርገው ይህን ነው። ቃሉን ያጥናል። ደጅ ጠና ማለት ደጁን በውዳሴ አጠነ ማለት ነው። ከጆንሰን «በውዳሴ ከንቱ የሚከፈለው» ጋር ሲገጥም እዩት።

መሪጌታ፦
ዕጣን ከዐጠነ ነው፤ ዐይኑ፣ «ዐ» ፊደሉ ማለቴ ነው፣ ፊት ነው። ጠና ከጸንዐ ነው፤ ዐይኑ ኋላ ነው። ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም እንደሚባል ጸና ጠና ተባለ። ደጅ ጠና ማለት ደጅ ላይ ጸና፣ ሳይነቃነቅ ቆየ ማለት ነው። ሰባት ዓመት የቆመ ሰው ጸና እንጂ አጠነ አይባልም።

ፊደል ቆጣሪ፦
እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጥናት» የመጽሐፉ ጥናት ይመስለኝ ነበር። ደጁን ያጠናል፣ ጌታው መቼ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያስገባው።

መሪጌታ፦
ሰውየው ደጅ ጠኚ ነው የሚባለው። ደጅ አጥኚ ሲባል ሰምተሃል? ለነገሩ አጠናም ከዚያው ከጸና ነው። ትምህርቱን ልቡ ውስጥ አጸናው ማለት ነው። ስለዚህ አልራቅህም።

ዋልያ በለንደን፦
መሪጌታ፣ በዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ፓትሮንን ሁሉ ቼስተርፊልድ ካደረግነው ቤን ጆንሰንን ምን ልናደርገው ነው? ከሳሙኤል ጆንሰን በፊት የነበረው፣ ዝምድና የሌላቸው። በ1616 የታተመ ግጥም አለው፤ በኬንት ያለውን የሲድኒ ቤተሰብ ርስት፣ ፔንስኸርስትን የሚያወድስ። እዚያ ቤት እንግዳው የሚጠጣው ቢራና የሚበላው እንጀራ ጌታው የሚበላውና የሚጠጣው ነው፤ ወይኑም ያው ወይን ነው። ማንም ዋንጫዬን አይቆጥርብኝም፣ አሳላፊው ስበላ በቅናት አያየኝም ይላል። ይህ ሰው ደጅ አልጠናም። ገብቶ ተቀምጦ በልቷል። እሱ ለሚያመሰግነው ጌታ ባለውለታ የሚለው ቃል ልክ ነው።

አንባቢዋ፦
ግን ዋንጫ የማይቆጠርበት ቤት መገኘቱን እንዲህ ማወደሱ፣ ሌላው ቤት ይቆጠርበት ነበር ማለት አይደል? እኔ ያንን ስንኝ ሳነብ ይከፋኛል። ሲቆጠርበት የኖረ ሰው ነው እንዲህ የሚያመሰግን።

ዋልያ በለንደን፦
እንዲህ አላየሁትም ነበር። እውነትሽን ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጆን ክሌርንም አስቡት። ከኖርዝሃምፕተንሻየር የወጣ የቀን ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1820 ታትሞ ተወደደለት። ግን አንዱ ግጥም ውስጥ ሀብትን የሚረግም ስንኝ ነበረው። ደጋፊው ሎርድ ራድስቶክ ካልወጣ አለ። በኋለኛው እትም ወጣ። እጁን የዘረጋለት ሰው እጁን ያዘው። ለዚህ ሰው ምን ስም ታወጣላችሁ? ውለታም ዋለ፣ ስንኝም ቀማ።

የፒያሳ ልጅ፦
ታዲያ ያለ ጌታ መኖር የቻለ የለም?

ፊደል ቆጣሪ፦
አለ። አሌክሳንደር ፖፕ። የሆሜርን ኢልያድ ሲተረጉም ከአንድ ጌታ ፈንታ ብዙ ሰው አስመዘገበ። ከ1715 እስከ 1720 ስድስት ቅጽ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጊኒ፣ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ወርቅ ገንዘብ። 5,000 ፓውንድ ገደማ አገኘበት። መታሰቢያነቱንም ለመኳንንት ሳይሆን ለጸሐፊው ወዳጁ ለኮንግሪቭ አደረገው። በኋላ በሕይወት ካለ ልዑልም ሆነ መኳንንት ውለታ የለብኝም ብሎ በግጥም ጽፏል። «ውለታ የለብኝም» ያልኩትን ልብ በሉ፤ ባለውለታ አይደለሁም ብል ኖሮ ማን ይረዳኝ ነበር?

ሳሙኤል ጆንሰንንም የከፈሉት መጽሐፍ ሻጮቹ ናቸው። ለመዝገበ ቃላቱ 1,575 ፓውንድ። በ1762 ግን ከንጉሡ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ተቀበለ። ጡረታን በዚያው መዝገበ ቃላቱ የፈታው ግን አገሩን ለሚከዳ የመንግሥት ቅጥረኛ የሚሰጥ ደመወዝ ብሎ ነበር። እኔ አልፈርድበትም። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ደክሞታል።

መሪጌታ፦
አንባቢዋ ወደ ጻፈችው ስንኝ ልመለስ። «ደጅ ጥናት» ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። ሰውየው ቆጥን ሰርዞ ያስገባው ሰው ነው። ደጅ ጥናት ድርጊት ነው፤ ያውም የገጣሚው ድርጊት። በደሉን የሠራው ጌታ ከስንኙ ወጣ። ገጣሚው ብቻውን ደጅ ቆሞ ቀረ።

አንባቢዋ፦
መሪጌታ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። «የጌታ ደጅ» ብለውስ? ሰውየውም አለ፣ ቦታውም አለ። ቆጥ ቦታ ነበረች፤ ደጅም ቦታ ነው።

መሪጌታ፦
«የጌታ ደጅ» ሲባል የኛ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው የሚታየው። ደጅህ ላይ መጣል ይሻለኛል ብሎ የሚዘምር ሕዝብ ነው። የጆንሰንን ምሬት ወደ ጸሎት ትቀይሪዋለሽ።

አንባቢዋ፦
እውነት ነው። ልቤ ግን ከደጁ አልወጣም። «የባለጸጋ ደጅ»? ቤት አይመታልኝም። «ጌታ» ብቻ ብለው ደግሞ ያው ነው።

ዋልያ በለንደን፦
አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ምናልባት ይረዳሽ ይሆናል። ቼስተርፊልድ ያንን ደብዳቤ አልደበቀውም። ጠረጴዛው ላይ ትቶት ለመጣ እንግዳ ያሳየው ነበር። የአሳታሚው የዶድስሊ ምስክርነት ነው። ይህ ሰው ብርቱ ነው እያለ የመረሩትን ዐረፍተ ነገሮች ያመለክት፣ አጻጻፋቸውንም ያደንቅ ነበር። ለተሰደበበት ጽሑፍ እንኳ ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። አንቺ የምትፈልጊው ቃል ይህን ሰው መያዝ አለበት።

አንባቢዋ፦
እንግዲህ አራተኛ ቀን ልቁምበት።

ሰምና ወርቅ፦
ቁሚበት፣ ይወጣልሻል። መሪጌታ፣ እኔ ስለ ጥናው አልጨረስኩም። ዐይኑ ፊትና ኋላ መሆኑን ተቀብያለሁ። ግን ዕቃው ራሱ ጽና የሚባለው በጸ ነው። ዐጠነ በጠ ከሆነ ማጠኛው ለምን ጽና ሆነ?

መሪጌታ፦
ይህ ደግ ጥያቄ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመለስበታለሁ።