በዶልፊን እያደርን ድሬ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ ለጭፈራ መመላለስ ፈልገናል፣ ልምድ ያላችሁ እርዱን

የከዚራዋ (ጠያቂ)
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ድሬ ውስጥ የባህል ጭፈራ የምንወድ ስምንት ልጆች ነን፣ አምስት ሴት ሶስት ወንድ፣ ባንድ ምናምን አይደለንም፣ ሁላችንም በሳምንቱ ስራችን ላይ ነን ቅዳሜና እሁድ ግን የጭፈራ ነው። ሐረርም ባቢሌም ጅጅጋም እንደኛው የሚሰባሰቡ ልጆች አሉ፣ ቅዳሜ አንዱ ጋ እሁድ ሌላው ጋ እንሄዳለን፣ የባቢሌዎቹ ሸጎዬ ያስጨፍሩናል፣ የጅጅጋዎቹ ዳንቶ፣ እኛም እስክስታውን ይዘን እንሄዳለን። እስካሁን በህዝብ ሚኒባስ ነበር፣ ከበሮ ጭኖ ልብስ ተሸክሞ መጋፋት ሰለቸን። አሁን አጎቴ ቆሞ የነበረ ዶልፊን ሚኒባሱን ውሰዱ ብሎናል፣ ኮድ 2 ነው፣ የግል ታርጋ። ውጭ ሀገር አልጋና ኩሽና ያለው መኪና ይዘው ከጭፈራ ጭፈራ የሚዞሩ ሰዎች አሉ አይደል፣ እኛም ወንበሩን አውጥተን ፍራሽ ዘርግተን እዛው እያደርን ብንዞር ብለን ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ማደሪያ የት እናቁም? ወንበሩን ማውጣት ችግር አለው? ዋናው ደግሞ ባለፈው ለሙከራ ሐረር ወጥተን ስንመለስ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ጋ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ፍሬኑን ስረግጠው ለስልስ ብሎ ወለሉ ድረስ ሄደብኝ። የነዳሁት እኔ ነኝ፣ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው ድሬ የገባሁት። ከበሮአችንም ሐረር ሲመሽ ድምፁ ይሞታል፣ ቀን ድሬ ላይ ጥርት ያለ ነበር። እባካችሁ።

የደንገጎ ሹፌር
እህቴ እንኳን በሰላም ገባችሁ። ከሌላው ሁሉ በፊት የፍሬኑን ነገር ልንገርሽ፣ እኔ ይሄን መንገድ በአይሱዙ ብዙ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ነው ድሬ 1,200 አካባቢ ነው፣ ያን ሁሉ ከፍታ ደንገጎ ላይ ነው ባንዴ ምትለቂው። በፍሬን ብቻ ከወረድሽ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መያዝ ያቆማል፣ ሽታው እሱ ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል የሄደው ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ስለፈላ ነው፣ ቆሞ የከረመ መኪና ነው ያልሽው፣ ዘይቱ ውሃ ስቦ ነው የሚቆየው፣ ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ እንደገና ከመንቀሳቀስሽ በፊት ጋራዥ ወስደሽ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያውጡት አዲስ ይሙሉት አየሩንም ያስወጡ፣ አራቱም ጎማ ተፈትቶ ሸራው ይታይ። መጨመር ብቻ አይበቃም፣ ጨምረንልሻል ካሉሽ እንቢ በይ።

አነዳዱ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ አስገቢ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ፣ እሱ ነው የሚይዝሽ። ስትወጪ በገባሽበት ማርሽ ነው ምትወርጂው። ፍሬን ያዝ አድርገሽ ልቀቂ፣ እግርሽን ጭነሽበት አትክረሚ። ነዳጅ ቆጥባለሁ ብለሽ ማርሽ ዜሮ አድርገሽ እንዳትለቂው በእናትሽ። ከሸተተሽ ሰፋ ያለ ቦታ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ይቀዝቅዝ፣ የጋለ ጎማ ላይ ውሃ አይደፋም ብረቱ ይሰነጠቃል። ከባድ እቃ ፖርታ ላይ አትጫኑ ኩርባው ላይ ይጥላችኋል፣ ውሃ የሞሉ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ብቻ 40 ኪሎ ናቸው፣ ወለል ላይ ከሹፌሩ ኋላ አስራችሁ አስቀምጡት። ማታ አትውረዱ፣ አለቀ።

የጀጎል ልጅ
ሐረር ስትመጡ ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ማለት ነው፣ መኪና ይዤ ልግባ እንዳትሉ፣ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ነው ምትገቡት ከዛ በኋላ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሚተላለፍበት መንገድ ነው። ከግንቡ ውጪ ጥበቃ ያለው ግቢ ፈልጉ፣ ለዘበኛው ትንሽ ነገር ስጡት ሌሊቱን ሙሉ ያይላችኋል።

አንድ ነገር ግን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ልንገራችሁ፣ ከበሮ ደጅ አታሳድሩ። ጅብ ቆዳ ይበላል። እኛ አንዴ ከበሮአችንን ከመኪናው ስር አስገብተን ተኛን፣ ጠዋት እንጨቱና አንድ ጎኑ ብቻ ነበር የቀረው፣ ጠርዙ ላይ ጥርሱ ያረፈበት ቦታ አሁንም ይታያል። የቆዳ ጫማም ያው ነው። ሁሉም መኪና ውስጥ ይደር።

ሹዋሊድ፣ የሐረሪዎች በዓል፣ ሰሞን ብትመጡ ደስ ይለናል፣ ኢድ አልፎ የሸዋል ስድስቱ ፆም ሲያልቅ ነው፣ በ2016 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው በዝቷል፣ ማቆሚያ ከሁለት ቀን በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም። ሌሊቱን ሙሉ ከረቡው (ከበሮው) ሲመታ ከበሉ (የእንጨት ማጨብጨቢያው) ሲጨበጨብ ተኛ ብትባሉም አትተኙም። እሱ ግን ዚክሪ ነው፣ የሃይማኖት ዜማ፣ ዝም ብላችሁ ገብታችሁ የራሳችሁን ጭፈራ አትጀምሩ፣ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ፣ ሲጋብዟችሁ ተነሱ።

ከበሮ ወጣሪ
ከበሮው አልተበላሸም አትጨነቂ። ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይረግባል ደረቅ ሙቀት ሲያገኝ ይወጠራል። የድሬ ሙቀት ወጥሮት ነው ጥርት ያለልሽ፣ ሐረር ማታ ጤዛው ሲወርድ ረገበ። ከመምታታችሁ በፊት እሳት ዳር አሙቁት፣ ግን እጅሽን ፊቱ ላይ አድርገሽ መቋቋም እስክትችይ ድረስ ነው፣ እጅሽን ካቃጠለ ቆዳውንም ያቃጥለዋል፣ ደግሞ እያዞራችሁ፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሞቀ እዛ ጋ ይሳሳል። መንገድ ላይ ጋቢ ጠቅልሉት። ድሬ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው ሚያሰጋው፣ ቀትር ላይ የተዘጋ ዶልፊን ውስጥ ትታችሁት ከሄዳችሁ ተወጥሮ ተወጥሮ ይተረተራል።

የመጋላ ነጋዴ
ወንበሩን አታውጡት። የሰው ልክ ሊብሬው ላይ ተፅፏል፣ ወንበር ነቅለህ አልጋ በይደህ ስትገኝ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ችግር ነው፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ ቀይራችኋል ብሎ ይከራከራችኋል። የኋላውን ወንበር አጥፋችሁ ጣውላ ጋድሙበት ላዩ ላይ ስፖንጅ፣ ጠዋት ታነሱታላችሁ። ኮድ 2 ነው ካልሽ ደግሞ መንገድ ላይ ብር ተቀብላችሁ ሰው እንዳትጭኑ፣ የናንተ ልጆች ለነዳጅ ማዋጣታቸው ሌላ ነው። ኬላ ላይ መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ።

የሳቢያን ነርስ
ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ነው የገባሁት። ቡና ማፍላት ካማራችሁ (ጨፍሮ የመጣ ሰው ቡና ሳይጠጣ አይተኛም አውቃለሁ) ውጪ አፍሉ፣ ከሰሉን ይሞቀናል ብላችሁ መኪና ውስጥ ይዛችሁ እንዳትገቡ። ጭስ ባይኖረውም ሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ሳታውቁት ነው ሚገላችሁ። እኔና እህቴ ሐረር ቁር በሆነበት ማታ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲሁ አድርገን ራሳችንን እየፈለጠን እየተደናገርን ነው በር የከፈትነው፣ በሩ ባይቀርብ ኖሮ አልኖርም ነበር። ሞተርም አስነስታችሁ አትተኙ። መስኮት በሁለት በኩል ከፈት ይሁን፣ ድሬ ስታድሩ እሱ ላይ አጎበር ስፉበት ወባ አለ፣ ሐረር ስታድሩ ብርድ ልብስ ጨምሩ።

እና ደግሞ ስምንት ሰው ዶልፊን ውስጥ አያድርም እናቴ። ሸጎዬ ስትጨፍሩ የዋላችሁ ልጆች አንገታችሁን ነው የሰራችሁበት፣ ወንበር ላይ ተጣማችሁ ካደራችሁ እሁድ አንገት ሚያዞር አይኖራችሁም። ሴቶቹ ሐረር የእንግዳ ቤት ያዙ፣ ድሮ የሐረሪዎች መኖሪያ የነበረ ነደባው (ከፍ ያለው መደብ) ላይ ፍራሽ የተዘረጋበት ቤት አለ፣ ወንዶቹ መኪናና እቃ ይጠብቁ።

የደቻቱ ጎረቤት
እኔ አንድ ነገር ብቻ፣ የጅጅጋ ልጆች በተራቸው ድሬ ሲመጡ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እንዳያቆሙ አደራ። ደረቅ ነው ሰፊ ነው ለማደር ያጓጓል። ጎርፉ ግን ከላይ ከደጋው ነው ሚመጣው፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ሌሊት ይደርሳል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ የመጣው ከ200 በላይ ሰው ነው የበላው፣ እኛ ሰፈር ከየቤቱ ነው ሰው የጎደለው። ወንዝ ውስጥ መኪና ቆሞ ባየሁ ቁጥር ሄጄ አንኳኳለሁ።

የከዚራዋ (ጠያቂ)
ጀመዓ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ያላችሁትን ስናደርግ ነበር። ዘይቱ ሲወጣ አየሁት፣ ጥቁር ቡና ነበር ሚመስለው፣ ከኋላ ግራ ጎማ ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ደርሶ ነበር። ቅዳሜ ወጣን፣ ሐረር ሴቶቹ ጀጎል ውስጥ አደርን ወንዶቹ መኪናው ውስጥ፣ ከበሮው በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ መሀላቸው ተኛ። እሁድ ባቢሌ ሄድን፣ ሸጎዬው ላይ ከበሮው እንደ ድሬው ነው የጮኸው፣ ሎዝ ሸምተን በጊዜ ተመለስን። ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፣ ከኋላዬ አንድ መኪና ክላክስ ሲያደርግብኝ ዳር ይዤ አሳለፍኩት። ምንም አልሸተተም።

አሁን የቀረኝ የጅጅጋው ነው። ከሐረር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው አይደል፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከድሬ ብንነሳ ለቀትር እንደርሳለን?

የደንገጎ ሹፌር
ትደርሳላችሁ፣ ከባቢሌ አልፎ ዳኬታ ሸለቆ ላይ ተደራርበው የቆሙትን ድንጋዮች ለማየት ብትቆሙም ትደርሳላችሁ። ነዳጅ ግን ድሬ ወይ ሐረር ሙሉ፣ መንገድ ላይ አገኛለሁ ብለሽ አትመኪ። ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ላይ ከዋለ ደግሞ ቀኑን ቀይሩት፣ የቁልቢ ገብርኤል ንግስ መንገደኛ ደንገጎን ይዘጋዋል።