ፍርድ የተሰጠበት የልጅ ቀለብ ሲቋረጥ

ጥያቄ (የሰባት ዓመት ልጅ እናት፣ ከአራት ኪሎ)

ከልጄ አባት ጋር የተፋታነው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ በየወሩ 3,500 ብር ቀለብ እንዲከፍል ወስኖበታል። እስከ ታኅሣሥ ሳያጓድል ሲከፍል ቆይቶ ከጥር ወር ጀምሮ አቆመ፤ ይኸው ሚያዝያ ገባ። በስልክ ስጠይቀው «ሥራ ቀይሬአለሁ፣ ታገሺኝ» ይለኛል። አዲሱ መሥሪያ ቤቱ የግል ድርጅት እንደሆነና ደመወዙም 15,000 ብር ገደማ እንደሆነ አውቃለሁ። የፍርዱን ወረቀት ይዤ ብሄድ የሰው ኃይል ኃላፊው «ይህ ለእኛ የተጻፈ አይደለም» ብሎ መለሰኝ። አንዳንዱን ወር በእጄ ይሰጠኝ ስለነበር አሁን ደግሞ የጥርን ከፍያለሁ ማለት ጀምሯል። እንደገና ክስ መመሥረት አለብኝ? ልጁን ቅዳሜ እንዳይወስደው ብከለክለውስ ያስጠይቀኛል?

መልስ (በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ)

አዲስ ክስ አያስፈልግዎትም፤ ፍርዱን በሰጠው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ፣ ማለትም የተፈረደው እንዲፈጸም የሚጠየቅበትን መዝገብ፣ ይክፈቱ። በመጀመሪያ ማኅተም ያረፈበትን የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ያውጡ። በማመልከቻው ላይ የፍርዱን መዝገብ ቁጥርና ቀን፣ ያልተከፈሉትን ወራት አንድ በአንድ፣ ድምራቸውን 10,500 ብር፣ እንዲሁም የአዲሱን መሥሪያ ቤት ሙሉ ስምና አድራሻ ጽፈው፣ ውዝፉም ሆነ ወደፊት የሚደርሰው ቀለብ ከደመወዙ እየተቆረጠ ገቢ እንዲሆንልዎ ትእዛዝ እንዲጻፍ ይጠይቁ። የኃላፊው መልስ ቢያስከፋም ስህተት አይደለም፤ ድርጅቱ የሚፈጽመው በስሙ የተጻፈለትን ትእዛዝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ከ15,000 ብር ሲሶው 5,000 ስለሆነ የየወሩ ቀለብ በሙሉ ይገኛል፣ ውዝፉ ግን በአንዴ ላይመጣ ይችላል።

አይዘግዩ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው ውዝፍ ቀለብ፣ ለባለመብቱ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ከዚያ በኋላ ሊጠየቅ እንደማይችል ይደነግጋል። የእርስዎ የጥር ወር ደግሞ እዚያው አፋፍ ላይ ነው።

ልጁን መከልከል የሚሉትን ግን ይተዉት። ልጁ አባቱን የሚያገኘው ለልጁ ጥቅም ተብሎ እንጂ የቀለቡ ዋጋ ሆኖ አይደለም። ከከለከሉ አባትየው በችሎት የሚያነሳው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ገንዘቡ የሚሰማዎት ያጣሉ።

መልስ (በዚሁ መንገድ ያለፈች እናት፣ ከፒያሳ)

እህቴ፣ በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ከእንግዲህ አትቀበዪ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አልተከፈለኝም ብዬ ባመለክት፣ እርሱ የአክስቱን ልጅ ምስክር አቁሞ ከፍያለሁ አለ፤ እኔ የማቀርበው አንድ ወረቀት አልነበረኝም። አሁን በባንክ ብቻ ነው የምቀበለው፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይም «የሚያዝያ ቀለብ» ብሎ እንዲጽፍ ተስማምተናል። አንዳንድ ጊዜ ጫማ ገዝቶ ይመጣና ከወሩ ላይ ይቀነስልኝ ይላል። አልቀንስም፤ ጫማው የአባት ስጦታ ነው።

መልስ (ቀለብ ከፋይ አባት)

የሌላኛውን ወገን ልናገር። ከሥራ በተቀነስኩ ጊዜ እኔም እንደርስዎ ልጅ አባት ዝም ብዬ ላቆም ነበር፤ ወንድሜ ነው ይዞኝ ፍርድ ቤት የሄደው። የሥራ ስንብት ደብዳቤዬን አያይዤ ቀለቡ እንዲሻሻል አመለከትኩ፤ ሥራ እስካገኝ ድረስ ተቀነሰልኝ። ስለዚህ አባትየው በእርግጥ ተቸግሮ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው፤ በራሱ ሥልጣን ማቋረጥ ግን አይችልም። በወንጀል ሕጉም ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል እንደሚያስቀጣ ይንገሩት፤ ለኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ፤ ለግልባጩ ዛሬ አመልክቻለሁ። ልጁ አንደኛ ክፍል ስለገባና የትምህርት ቤት ክፍያው ስለጨመረ፣ በዚያው መዝገብ ጭማሪ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ (ጠበቃው)

አይችሉም። የአፈጻጸም ችሎት የተፈረደውን ያስፈጽማል እንጂ መጠኑን አይነካም። ጭማሪውን የቤተሰብ ችሎት ዘንድ በተለየ ማመልከቻ ይጠይቃሉ፤ ሕጉ የቀለብን መጠን በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ስለሚለካ፣ የትምህርት ቤቱን ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የሕክምና ወጪ ካለ እርሱን ያያይዙ። የአባትየውን ደመወዝ በግምት ብቻ አይጻፉ፤ መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ልክ በደብዳቤ እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲሄዱ የፍርዱን ግልባጭ፣ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀትና መታወቂያዎን ከነኮፒያቸው ይያዙ።