ሱባሩ ኤስ ቲ አይ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት፦ ከሥራና ከቤተሰብ ጋር ይሄዳል?

ጥያቄ (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለ የ2018 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ ለመግዛት እያሰብኩ ነው። 60 ሺህ ማይል ገደማ ሄዷል፣ ካምቢዮው ማንዋል ነው፣ ባለቤቱ ምንም አልተነካካም ይላሉ። ስለ 305 የፈረስ ጉልበቱ በየቦታው ተጽፏል፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን በየቀኑ ሥራ ደርሶ ለሚመለስ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስና ቅዳሜ ገበያ ለሚወጣ ሰው ምን ያህል ወጪና ጣጣ እንደሚያመጣ ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ስለሆነ የበረዶ ጎማ ሳልገዛ ወደ ተራራ መውጣት እችላለሁ? ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገር ቤት ልወስደው የሚል ሐሳብም አለኝ።

መልስ 1

ኤስ ቲ አይን ለዓመታት በየቀኑ ነድቻለሁና፣ ከበረዶ ጎማው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ገንዘብ የሚበላውም እዚያ ነው። መኪናው ከፋብሪካ የሚወጣው በበጋ ጎማ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየጠነከረ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። በአራቱም ጎማ መነዳቱ ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል እንጂ ለመቆም ምንም አይጨምርም፤ ፍሬን ማንኛውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የበረዶ ጎማ የግድ ነው። በተጨማሪም ከመስከረም እስከ ግንቦት መጨረሻ ወደ ተራራው በሚወስደው በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና እንኳ የጎማው ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ጥልቀት እንዲኖረው ሕጉ ያዛል።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ እርስ በርሱ ከሩብ ኢንች በላይ እንዲለያይ አምራቹ አይፈቅድም፤ ይህም በጥርስ ጥልቀት ሲሰላ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዙሪያቸው ከተለያየ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንኳ የመሐሉ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። አንድ ጎማ ምስማር በልቶት ከተበላሸና ሌሎቹ በግማሽ ካለቁ፣ አራቱንም መግዛት ወይም አዲሱን ጎማ አስሞርዶ ማስተካከል ሊኖርብዎ ነው። 245/35 ባለ 19 ኢንች ጎማ ደግሞ ርካሽ አይደለም፤ ጎኑም አጭር ስለሆነ ጉድጓድ አይወድም።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ 2.5 ሊትሩ ባለ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ሞተር በአንድ ነገር ይታወቃል፦ ሞተሩ ሲያንኳኳ (ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ) ፋሻዎቹን፣ ማለትም ፒስተኑ ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች የሚይዘው የፒስተኑ ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል። የማንኳኳቱ ምክንያት በአብዛኛው ዝቅተኛ ኦክቴን (ማንኳኳትን የመቋቋም መጠን) ያለው ቤንዚን፣ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ላይ እያሉ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ አጥብቆ መርገጥ፣ ወይም በሞተሩ ኮምፒውተር ላይ የተደረገ ያልተጠና ለውጥ ነው። እዚህ ኮሎራዶ መደበኛ ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን 85 ኦክቴን ነው፤ እርስዎ ሁልጊዜ 91 ይቀዳሉ። ዘይቱ በቂ መሆኑን ነዳጅ በቀዱ ቁጥር ይዩ፣ በየ6 ሺህ ማይሉ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ቀድሞ የደረሰውን ተከትለው ያስለውጡ። የታይሚንግ ቺንጊያው (የሞተሩን ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ) በ105 ሺህ ማይል ይለወጣል፤ ይህን ካሁኑ በጀት ውስጥ ያስገቡት። በነዳጅ በኩል በከተማ ውስጥ በጋሎን ከ16 እስከ 17 ማይል ቢያገኙ አይገረሙ።

ይህ ሁሉ ቢሆንም እኔ እላለሁ፦ ይግዙት። በደንቨር ከፍታ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን 15 በመቶ ያህል ሲያጣ፣ ይሄኛው ግን አየሩን በግፊት ስለሚስብ ብዙም አይደክምም፤ መሪውም መንገዱን ለእጅዎ እንዳለ ያደርስልዎታል። ከ2021 ሞዴል በኋላ ለአሜሪካ ገበያ ስላልተሠራ ዋጋውም በቀላሉ አይወድቅም።

መልስ 2

ከላይ የተጻፈውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ጠያቂው ያሉት የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። የኤስ ቲ አይ አሞርዛተር ጠንካራ ነው፣ ፍሪሲዮኑም እንደዚያው፤ በአይ-225 መጨናነቅ ውስጥ ጠዋትና ማታ መርገጥ እግር ያደክማል፣ ከኋላ የሚቀመጡ ልጆችም እያንዳንዱን የአስፋልት ስንጥቅ ይቆጥሩታል። የዚያው ዓመት ተራው ደብልዩ አር ኤክስ በ268 የፈረስ ጉልበት ለከተማ ከበቂ በላይ ነው፤ ባለ 2 ሊትሩ ሞተር በቺንጊያ ፋንታ ሰንሰለት ስላለው የቺንጊያ ወጪ የለበትም፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውንም ማግኘት ይቻላል። የትዳር ጓደኛዎም የሚነዱት ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመወሰንዎ በፊት የሁለቱንም የኢንሹራንስ ዋጋ ይጠይቁ፤ ልዩነቱ ሐሳብዎን ሊያስቀይርዎ ይችላል።

መልስ 3

አገር ቤት የመውሰዱን ሐሳብ ቢተዉት ይሻላል። ከ2024 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሚፈለገው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ያሳዝናል፤ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ የራሊ ተወዳዳሪው ኮሊን ማክሬ በ1997 የሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው በዚሁ መኪና ዘር ነበርና።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአገር ቤቱን ነገር ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ባለቤቱ አልተነካካም ያሉትን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ 1 (በድጋሚ)

ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ሱባሩ የሚያውቅ መካኒክ ጋ ይውሰዱትና የአራቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (አየር አምቆ የመያዝ ግፊት) ያስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ ድርድሩን ያቁሙ። ማርሚታው ወይም የአየር ማጣሪያው የፋብሪካው ካልሆነ ኮምፒውተሩም ተነክቶ ሊሆን ይችላልና መካኒኩ እርሱንም ይመርምረው። ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲያዩት ቀድመው ይደውሉ፤ ደርሰው ሞቆ ካገኙት፣ ለምን እንደሞቀ ይጠይቁ። የአራቱን ጎማ ጥርስ ደግሞ ራስዎ ይለኩ፤ የተለያየ ዓይነት ጎማ የገጠመለት ሰው ዲፈረንሻሉን እንዴት እንደያዘው ከዚያው ይገባዎታል።