የእንጨት ምድጃችን ማገዶ ፈጀብን፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው መስከረም ከለንደን ወጥተን ዮርክሽር ገጠር ውስጥ አሮጌ የድንጋይ ቤት ተከራየን። ሳሎኑን የሚያሞቀው የብረት ምድጃ ነው። ሦስት ሳምንት ያቆያችኋል የተባለው ማገዶ በአሥር ቀን አለቀ። ማታ የአየር ማስገቢያውን ዘግቼ ብተኛም እሳቱ እንደ ደመራ ይንቦገቦጋል፤ ሲነጋ ቤቱ በረዶ ነው። የበሩ መስታወት ደግሞ በስተቀኝ በኩል ብቻ ይጠቁራል። ባለቤቴ «እርጥብ እንጨት ሸጠውልን ነው» ይላል። የሚያውቅ ካለ ይምከረኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እንጨት ሻጩን ለጊዜው ተዪው። እርጥብ እንጨት በጭስ ያስለቅሳል እንጂ እንደ ደመራ አይንቦገቦግም። ደግሞም በእንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 2021 ጀምሮ በትንሽ መጠን የሚሸጥ ማገዶ እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ ወጥቷል።

እኔ የምጠረጥረው የምድጃውን በር የሚያሽገውን ገመድ ነው። ምድጃው ሲበርድ በሩን ከፍተሽ ጠርዙን ተመልከቺ፤ ቦይ ውስጥ የተቀበረ፣ ከመስታወት ክር እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ገመድ አለ። ደህና ገመድ በጣት ሲጫኑት ሰመጥ ብሎ ይመለሳል። ያረጀው ግን ጠፍጣፋና ደረቅ ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጭስ እንዳይወጣበት ነው፤ ምድጃው ከጋለ በኋላ ግን ጭስ ማውጫው ወደ ላይ ስለሚስብ የክፍሉ አየር በላላው ገመድ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። አንቺ ከታች ዘግተሽ ትተኛለሽ፣ እሳቱ በጎን ይተነፍሳል። መስታወቱም ቀዝቃዛው አየር በሚገባበት በኩል ጥላሸት ይይዛል።

ለማረጋገጥ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠሽ በሩን ዝጊበትና ሳቢው። ያለ ትግል ከወጣ ገመዱ አብቅቶለታል። ዙሪያውን ሁሉ ሞክሪ፤ የእኔ በሦስቱ በኩል ደህና ነበር፣ በእጀታው በኩል ወረቀቱ እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ ወጣ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ወፍራም ይሻላል ብዬ በ10 ሚሊሜትሩ ፋንታ ባለ 12ቱን ገዛሁ። በሩ አልዘጋ አለ፤ በጉልበቴ ብገፋው መስታወቱ ሊሰነጠቅ ነበር። የተጨፈለቀውን አሮጌ ገመድ ለክተሽ አትግዢ፤ ውፍረቱን ከምድጃው መመሪያ አንብቢ። ርዝመቱን የቦዩን ዙሪያ በሲባጎ ለኪና ትንሽ ጨምረሽ ግዢ።

በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ገመዱን እየወጠርኩ አስገባሁት። የተወጠረ ገመድ ይቀጥናል፤ ከሳምንት በኋላ ጫፎቹ ተራርቀው የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ታየ። በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። በሩን ከማጠፊያው አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። አሮጌውን ገመድ ነቅዬ የደረቀውን ማጣበቂያ በአሮጌ ካቻቢቴ ፋቅሁ፤ ቦዩን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሙቀት የሚችለውን ማጣበቂያ በቀጭኑ አፈሰስኩ፤ ሲበዛ ገመዱ ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል። ገመዱን ሳልስብ በጣቴ እየጫንኩ አስተኛሁት። ገመዱን የምቆርጥበት ቦታ ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ በፕላስተሩ መካከል ቆረጥኩ፤ ያለዚያ ጫፉ እንደ ነዶ ይበተናል። አንድ ቀን ሙሉ ካደረቅሁ በኋላ ትንሽ እሳት ለኮስኩ። መጀመሪያ ትንሽ ይሸታል፤ መስኮት ክፈቺ።

ሌላ መልስ፦
ጋሼ ሁሉን ተናግረዋል፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ምድጃው በጣም አሮጌ ከሆነ ገመዱ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ የማዕድን ክር) ሊሆን ይችላል፤ ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከጠረጠርሽ አትፋቂው፣ ባለሙያ ጥሪ። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝ የግል አከራይ ጠንካራ ነዳጅ (እንጨት ወይም ከሰል) በሚነድበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ሽታ የሌለው የመርዝ ጋዝ፣ ማስጠንቀቂያ መግጠም ግዴታው የሆነው ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ነው። ከሌለ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ስለ ገመዱም እግረ መንገድሽን ጻፊለት። አንዳንዶቻችን ለቡና ብለን ከሰል ሳሎን ውስጥ የምናቀጣጥለውም ነገር ቢቀር ጥሩ ነው። አገር ቤት በሩ ክፍት ነው፣ እዚህ መስኮቱ ሁሉ የታሸገ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አከራዩ ምድጃው የተገዛው ከአምስት ዓመት በፊት መሆኑን ነገረን፤ የገመዱንም ዋጋ እኔ እችላለሁ አለ። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ገጠምነው። ወረቀቱ በሦስት በኩል ተቀደደ እንጂ አልወጣም፤ በእጀታው በኩል ግን አሁንም ትንሽ ይሳባል።

መልስ፦
የመቆለፊያው ብሎን ከላላ በትንሹ አጥብቂው፤ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዚያ እንደገና ወረቀት።