ሳድ፣ ሶሮው፣ ግሪፍ፦ ሁሉም «ሐዘን» ናቸው?

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
እንደምን ናችሁ? ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ የጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ደብዳቤም እተረጉማለሁ። ዛሬ አንድ አባት መጡ። ልጃቸው ለንደን፣ እንግሊዛዊት ቤት ትሠራለች። የሴትዮዋ ባል አርፈዋል። «ልጄን እንደ ልጇ ነው የያዘቻት። ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ «አይ አም ሶሪ» ብዬ ጀመርኩ። በአማርኛ ሳነብላቸው ቅር አላቸው። «ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የምጠይቃት?» አሉ። «ሳድ» ብዬ ቀየርኩት፤ እሱ ደግሞ ቀለለብኝ። መዝገበ ቃላቱ ሳድንም፣ ሶሮውንም፣ ግሪፍንም «ሐዘን» ብሎ ያልፋቸዋል። ነገ በጠዋት ይመጣሉ። እባካችሁ እርዱኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ሳድ ቀልሎ የታየሽ እውነትሽን ነው። ቡድኑ የተሸነፈበትም ሳድ ነኝ ይላል። ግሪፍ ግን በተለይ ሰው ሲሞት የሚመጣው ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ግራቪስ» ማለት ከባድ ማለት ነው። ደረት የሚያስደቃው፣ እህል የሚያስጠላው እሱ ነው። ታዲያ ግሪፉ የሴትዮዋ ነው። አባትየው ለሚካፈሉት ሶሮው ይሻላል። ረጋ ያለ ነው፤ ዓመት አልፎም ከሰው ጋር ይኖራል። «ዊ ሼር ዩር ሶሮው» ብትዪ ያሉትን በደንብ ይይዝልሻል።

ስለ «ሶሪ»ም አስረጂያቸው። ሰው ለሞተበት ሲባል ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። ከሶሮው ጋር ቢመሳሰልም የቃላቱ ሥር ለየቅል ነው። የሶሪ ሥር ሕመም ነው፤ «አመመኝ» እንደማለት።

ከስድስት ኪሎ፦
እህቴ፣ ሜላንኮሊ የሚባለውን ደግሞ እንዳታስገቢ። እኔ አንዴ ለጓደኛዬ አባት ሞት ጽፌው እስካሁን ይቆጨኛል። እሱ ትካዜ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ በክረምት መስኮት ሥር የሚያስቀምጥ። ቃሉ በግሪክ «ጥቁር ሐሞት» ነው። የጥንት ሐኪሞቻቸው ትካዜ ከሐሞት ይመጣል ይሉ ነበር። እኛ ሐሞትን ለወኔ ነው የሰጠነው፤ የፈራውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን።

የፒያሳዋ ጸሐፊ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ፣ አንተም ተባረክ። «ሶሮው» ብዬ ጽፌዋለሁ። «ያጽናሽ»ን «ሜይ ጎድ ጊቭ ዩ ስትሬንግዝ» አልኩት። አባትየው ሲወጡ አንድ ነገር አክለው ነበር፦ «ቅርብ ብትሆን ሰልስቱን አብሬያት እቀመጥ ነበር በያት።» ሰልስትን «ሦስተኛው ቀን» ብዬ ተረጎምኩት። መቀመጥን ግን እንዳለ ተውኩት፤ «ሲት ዊዝ ዩ»።