የዕፅዋት ማሟያዎች ሽያጭ፦ መንግሥት የት ድረስ ይግባ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በካፕሱልና በዱቄት የሚሸጡ የዕፅዋት ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ይመርመሩ? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሻጩ፦ አይመርመሩ። ሰው ለዘመናት የኖረበትን ቅጠል ላቦራቶሪ ካላጸደቀው አትሽጡ ማለት ምን ይባላል? የመድኃኒት ሙከራ ሚሊዮኖች ይፈጃል። ቅጠል ደግሞ ፓተንት (ብቻ የመሸጥ መብት) ስለሌለው ወጪው አይመለስም። ትንንሾቻችን ዘግተን እንሄዳለን፣ ትልልቆቹ ይቀራሉ።

ፋርማሲስቷ፦ ቅጠሉንማ ማን ነካው? እኔን የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ያው ቅጠል መሆኑ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ የቻይና ዕፅ ይሰጥ ነበር። ስቴፋኒያ የተባለው ዕፅ ነው ተብሎ የገባው፣ ኩላሊት የሚጎዳው አሪስቶሎኪያ የተባለ ዕፅ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ የቻይንኛ ስም ይቀራረባል። ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ለእጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ። ከዓመታት በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር የያዛቸውም አሉ።

ሻጩ፦ አንድ ክሊኒክ በተሳሳተ ሁላችንም እንቀጣ?

ፋርማሲስቷ፦ አንድ ቢሆንማ ጥሩ ነበር። «ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ» የሚል ማሸጊያ ውስጥ ሲቡትራሚን ስንቴ ተገኝቷል! ለልብ አደገኛ ሆኖ በ2010 በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ የወጣ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ነው። ለወንዶች «ኃይል» የሚሸጡት ውስጥ ደግሞ ሲልዴናፊል (የቪያግራው መድኃኒት) ይደባለቃል። ለልቡ ናይትሬት የተባለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያንን ከጨመረበት የደም ግፊቱ ክፉኛ ይወርዳል። ቅጠል የወሰደ መስሎት እኮ ነው።

የሕግ ተማሪው፦ የ1994ቱን የአሜሪካ ሕግ እዩት። ማሟያን ከምግብ ጎራ መደበው። አምራቹ ቀድሞ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ጎጂ መሆኑን ማስረዳት የመንግሥት ሸክም ሆነ። ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ የነበረው ዕፅ ኤፌድራ የልብና የስትሮክ ጉዳት ሪፖርት እየተከመረበት የታገደው በ2004 ነው።

ተጠቃሚው፦ ምርመራውስ ይታመናል? በ2015 የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማሟያዎችን በዲኤንኤ አስመርምሮ ብዙዎቹ የተጻፈባቸው ዕፅ የለባቸውም አለ። 4 ትልልቅ ቸርቻሪዎችም ሽያጩን እንዲያቆሙ ደብዳቤ ደረሳቸው። ባለሙያዎች ደግሞ ዕፅ ሲጨመቅና ሲጣራ ዲኤንኤው ሊጠፋ ይችላል ብለው ተቹት። እንግዲህ ማንን እንመን?

ፋርማሲስቷ፦ ትችቱ ልክ ነው። ለተጣራ ምርት የኬሚካል ምርመራ ይሻላል። ዘዴው ይስተካከል እንጂ ምርመራው አይቅር።

ሻጩ፦ ይዘቱ ይመርመር፣ እሺ። «ፈዋሽነቱን አረጋግጥ» ካላላችሁኝ እስማማለሁ።

የሕግ ተማሪው፦ እሱማ አለ! የአውሮፓ ኅብረት የ2004 መመሪያ እንዲያ ነው። ዕፁ ቢያንስ ለ30 ዓመት፣ ከዚያም 15ቱን በኅብረቱ ውስጥ፣ ጥቅም ላይ የዋለ ከሆነ የሕክምና ሙከራ ሳይጠየቅ ይመዘገባል። ጥራቱንና ደህንነቱን ግን ማሳየት አለብህ። ማሸጊያው ላይም ማስረጃው ረጅም ልማድ ብቻ መሆኑ ይጻፋል።

ተጠቃሚው፦ ከምን ጋር እንደማይወሰድም ይጻፍልን። ለድብርት የሚወሰደው ዕፅ ሴይንት ጆንስ ዎርት የእርግዝና መከላከያ ክኒን እንደሚያዳክም ስንቱ ያውቃል?

ፋርማሲስቷ፦ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንንም ያዳክማል። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ አንድ መስመር ማተም ማንንም አያከስርም።

ሻጩ፦ ለመስመሩ ችግር የለብኝም። የእያንዳንዱን ዙር ምርት ምርመራ ግን ማን ይክፈል? መንግሥት ወጪውን ካልተጋራ የመጀመሪያ አቋሜ አቋሜ ነው።